የወታደር ሚስት አትጠይቅም

ባሌ ወዴት እንደሚሄድ ነግሮኝ አያውቅም፤ እኔም ጠይቄው አላውቅም። ይህን ስናገር ሰው ፍቅር ያልነበረን ይመስለዋል። ኧረ ነበረን፣ ያውም ሞልቶ። እሱ የመገናኛ ወታደር ነበር፤ ሬዲዮ ላይ ተቀምጦ ሁሉን የሚሰማ፣ አንዱንም የማያወራ። ሜጋ ላይ በተጋባን ሰሞን አንዴ፣ አንዴ ብቻ፣ ለጉዞ ሲሰናዳ አይቼው ወዴት እንደሆነ ጠየቅኩት። ሊጎርስ የነበረውን መለሰና “የወታደር ሚስት አትጠይቅም” አለኝ። ተቆጥቶ አይደለም፤ ሕፃንን እሳት ያቃጥላል እንደሚሉት ቀስ ብሎ ነው የነገረኝ። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ አንዴ የተነገረኝን የማልረሳ ተማሪ ነበርኩ። ምነው ያንን ትምህርት ብቻ በወደቅኩ።

ሥራዬ ማስተማር ነው። ተወልጄ ያደግኩት ነገሌ ነው፤ አባቴ ከጎጃም በጽሕፈት ሥራ ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ወልዶ ከብዶ የቀረ ሰው ነበር። የመምህራን ማሠልጠኛ ጨርሼ፣ ሰርተፍኬቴን ይዤ መጀመሪያ የተመደብኩት ሜጋ፣ እዚያው የኬንያ መንገድ ዳር ነው። ትምህርቱ በኦሮምኛ ስለሆነ አማርኛን እንደ አንድ ትምህርት አስተምራለሁ፤ አስተማሪ ሲጎድል ደግሞ ሒሳቡንም ሳይንሱንም በኦሮምኛ እይዛለሁ። የነገሌ ልጅ አይደለሁ፣ አፌን የፈታሁት በሁለቱም ነው። ጠዋት ግቢው በር ላይ ልጆቹ ከበውኝ “ናጋ፣ ባርሲስቱ” ሲሉኝ፣ ሰላም ነው አስተማሪዋ ማለታቸው ነው፣ ቤት ያስቀየመኝ ነገር ቢኖር እንኳ እዚያው በር ላይ ይቀራል።

ምኞቴ ትልቅ አልነበረም። በሰርተፍኬት የሚያስተምር ሰው ከአራተኛ ክፍል አያልፍም። እኔ ደግሞ አምስተኛ ክፍልን ነበር የምመኘው። ትናንሾቹን ስለምጠላ አይደለም፤ ፊደል የሚቆጥር ልጅ ደስ ይላል። ግን አምስተኛ ላይ ልጅ መከራከር ይጀምራል። ታሪክ ስታነቢለት “ለምን እንዲህ አደረገ?” ይልሻል። ከአራተኛ ክፍል አውጥቼ የምሸኛቸው ልጆች በዓመቱ በሌላ አስተማሪ መስኮት በኩል እየጮኹ ሲከራከሩ ስሰማ፣ ወጥ ሠርታ ሳትቀምስ እንግዳ እንደበላባት ሴት ይሰማኝ ነበር። ለዚያ የሚያስፈልገኝ ዲፕሎማ ነው። ዲፕሎማ የመማር ዕድል ደግሞ በተራ ነው የሚመጣው፤ በዚያው ወረዳ ረጅም ያገለገለ ይቀድማል። ወረዳ የቀየረ እንደ አዲስ ገቢ ከጭራው ይሰለፋል። ሕጉ ለማንም አይከፋም፤ የወታደር ሚስት ካልሆኑ።

ባሌ አይናገር እንጂ ዕቃው ይናገር ነበር። የካምፕ ሴቶች ሁላችንም ይህን ትምህርት ያለ አስተማሪ ተምረናል። ጫማውን ሶል ለማስለጠፍ ከላከ ጉዞ አለ። ጋቢ ካሳጠበ ደጋ ነው፤ አጎበር ካሳጠበ ቆላ። ጸጉሩን ከልክ በላይ ካሳጠረ የሚቀርብበት አለቃ አለ። ከሁሉ የማይዋሸው ግን የጉራጌው ባለሱቅ ገመድ ነበር። ገመድ ልንገዛ ሄደን “አልቋል” ካለን፣ ግማሹ ካምፕ ዕቃውን ሊያስር ነው ማለት ነው። ባለሱቁ ራሱ እኛን ሲያይ ይስቃል፤ ጦሩ መቼ እንደሚነሳ ከአዛዡ ቀድሞ የሚያውቀው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በዚህ ሙያ እኔን የሚስተካከል አልነበረም። አስተማሪ ስለሆንኩ ነው መሰለኝ፣ ነገር ከነገር ማያያዝ እችልበታለሁ። ሴቶቹ ቡና ሲጠሩኝ ሌላ ወሬ የላቸውም፤ ምን አየሽ፣ ምን ገመትሽ ነው። አንዷ እንዲያውም ባሏ ብርድ ልብሱን ፀሐይ ላይ ቢያሰጣ ሮጣ ወደ እኔ መጣች። ቁንጫ ነው ብዬ መለስኳት፤ ቁንጫም ነበር። እውነቱን ለመናገር ኩራት ነበረኝ። ሌሎቹ መኪናው በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ሲነፋ ነው ድስት ከእሳት ላይ የሚያወርዱት። እኔ ግን መኪናው ከመምጣቱ በፊት የዝውውር ማመልከቻዬ ጽሕፈት ቤት ገብቷል።

ከሜጋ የተነሳነው ተራዬ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ነበር። አጎበሩ ታጠበ፤ ገመድ አለቀ፤ የሾፌሩ ሚስት ደግሞ ባሏ አፉ ላላ ስለሚል ተልተሌ መሆኑን ሹክ አለችኝ። አመለከትኩ፤ “ከባለቤቷ ጋር ለመኖር” ተብሎ ተፈቀደልኝ። ርእሰ መምህሩ ስሰናበተው ምነው አንድ ዓመት ብትታገሺ አለኝ። አንድ ዓመት ባል ብቻውን ተልተሌ ተቀምጦ ሚስት ሜጋ? የዚያን ጊዜ የመጀመሪያ ልጄን አርግዤ ነበር። የምሄደው በደስታ ነበር፤ ዋሽቼ ምን አተርፋለሁ። ቆጨኝ የምለው ኋላ ነው፣ ተልተሌ ደርሼ ስሜን ከጭራው ሲጽፉት።

ተልተሌ ሙቀቱ አናት ይበሳል። ክፍሉ ቆርቆሮ ነው፤ እኩለ ቀን ላይ ልጆቹም እኔም እናዛጋለን። በጋ ሲጠና ከብት ውሃ ፍለጋ ይነዳል፣ ልጆቹም ከከብቱ ጋር ይሄዳሉ፤ ወንበሩ ባዶ፣ እኔ ከቀሩት ጋር። ሲመለሱ የተማሩት ጠፍቶባቸው እንደገና ከመጀመሪያው። እንደ እኔው ናቸው እላለሁ በሆዴ፤ የደረስኩበትን ጥዬ ሄጄ ከሀ እጀምራለሁ። ያም ሆኖ ወደድኩት። እዚያም ተራዬ ቀስ እያለ፣ ቀስ እያለ ተጠጋ። ከዚያ ባሌ ጋቢውን አሳጠበ።

ሻኪሶ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው፤ አረንጓዴ፣ ጭቃ፣ ወርቅ። ዝናብ ዘንቦ ሲያባራ ክፍሉ ወና ይሆናል፤ ጎርፉ አፈሩን ስለሚገልጠው ልጆቹ ወርቅ ሊያጥቡ ይወርዳሉ። በማግስቱ እስከ ጉልበታቸው ቀይ ጭቃ ለብሰው ይመጣሉ። ቁጭ ብዬ ወርቅና ፊደል ሳነጻጽርላቸው እውላለሁ፤ እነሱ ይስቁብኛል። ዝምታ ወርቅ ነው የሚባለውን ባነሳሁላቸው ቁጥር ደግሞ እኔው እስቃለሁ፤ ተረቱ እውነት ቢሆን ኖሮ ባሌ ሻኪሶን ከነጉድጓዱ በገዛት። ሁለተኛው ልጄ የተወለደው እዚያ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ያንቺ ተራ ነው ተባልኩ። በሚቀጥለው ዓመት ነገሌ ነበርኩ። ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ማለት ይህ ነው።

ተናድጄ ነበር ወይ? ተናድጄ ነበር። እሱ ላይ አይደለም፤ ወይም እሱ ላይ መናደድ አልችል ብዬ ድስት ላይ፣ ልጆች ላይ፣ ጠመኔ ላይ። እሱ ማዕረግ በጨመረ ቁጥር ሴቶቹ እንኳን ደስ አለሽ ይሉኛል። እኔ ያው ሰርተፍኬቴ ነኝ፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከከተማ ከተማ የሚዞር። አንድም ቀን ግን ይህን ለእሱ አላልኩትም። ልጆቹን ሰሌዳ ላይ “መጠየቅ ሊቅ ያደርጋል” እያልኩ አስጽፋቸዋለሁ። ቤቴ ስገባ አፌን እዘጋለሁ።

ነገሌ ስንመጣ ግን ተነፈስኩ። አገሬ ነው፤ መንገዱ ያውቀኛል። እናቴ ሞታ ስለነበር የሷ ቤት የለም፣ ካምፑ አጠገብ ተከራየን። እንደ ተአምር ሆኖ ባሌ አልተነሳም። አንድ ዓመት አለፈ፣ ሌላም፣ ሌላም። ልጄ አምስተኛ ክፍል ገባች፤ ታናሽ ወንድሟ ሁለተኛ። አብራኝ አንድ ጠረጴዛ የምትጋራ ወጣት አስተማሪ ነበረች፤ ልቧ ንጹሕ፣ ሳቋ ከቢሮ ቢሮ የሚሰማ፣ “እትዬ” እያለች የምታከብረኝ። ተራው የእኔ፣ ቀጥሎ የሷ ነበር።

ደረሰ። ወረዳው ጠርቶ ነገረኝ፤ ደጋ ያለው ኮሌጅ ገብተሽ፣ ሁለት ዓመት እዚያው ተቀምጠሽ ትማሪያለሽ ተባልኩ። ክፍል ገብቼ ምን እንዳስተማርኩ አላስታውስም። ስለ ልጆቹ ያልሰጋሁት ባሌ ነገሌ ስላለ ነበር፤ ማታ ማታ ከእነሱ ጋር ያድራል፣ ቀን ጎረቤቴ ታይልኛለች። ያለ እሱ ግን የማይሆን ነገር ነው። ማታ ራት ላይ ነገርኩት። ቀና ብሎ አየኝ፣ “ጥሩ ነው” አለ፣ መብላቱን ቀጠለ። በቃ። ስንት ዓመት ስጠብቅ የኖርኩት ነገር “ጥሩ ነው” ተብሎ በሽሮ ተበላ። ተነስቼ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

በሳምንቱ ጫማው ሶል ሊለጠፍ ሄደ።

ቀጥሎ ጸጉሩን ተቆረጠ፣ አጭር፣ አለቃ ፊት የሚቀረብበትን አቆራረጥ። ቀጥሎ አናጺ ቤት የእንጨት ሳጥን አዘዘ፤ ቁልፍ ያለው፣ ጎንና ጎኑ እጀታ ያለው። ገመድ ገዝቶ መጣ። የምትታለበውን ፍየላችንን ለጎረቤት ሰጠ፤ ልጆቹ ሲያለቅሱ ማን ያያታል አላቸው። ቁርጡን ያሳየኝ ግን ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስገባ ጓዳ ውስጥ ልጄን አጠገቡ አቁሞ ሽሮ እንዴት እንደሚቁላላ ያሳያታል። እሱ። ከተጋባን ጀምሮ ጓዳ የገባው ክብሪት ሊፈልግ ብቻ ነው። ልጄ ማማሰያውን ይዛ ትስቃለች፣ እሱ ግን አይስቅም። ወታደር ርቆ ሲሄድ፣ እንዳይመለስ ሲፈራ፣ ለልጁ አንድ ነገር ትቶ መሄድ ይፈልጋል። እንዲህ ያደረጉ አባቶችን ሰምቻለሁ። በዚያ ላይ የሶማሊያው ድንበር ቅርብ ነው። በሩ ላይ ተደግፌ ቆምኩ።

ልጠይቀው ነበር። እምላለሁ፣ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ያን ዕለት ልጆቹ ከተኙ በኋላ ሬዲዮውን ሲነካካ አጠገቡ ተቀመጥኩ። ቃሏ አንዲት ነበረች፦ ወዴት? ግን የሚፈራውን ሰው ማስጨነቅ ምን ይጠቅመዋል ብዬ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ያልጠየቅኩትን ዛሬ ምን አስጠየቀኝ ብዬ፣ ሻይ ልጨምርልህ ወይ አልኩት። ጨምሪልኝ አለ።

አሰብኩት ደግሞ፤ አላሰበችም እንዳይባል። እሱ ከሄደ ልጆቹን ለማን ትቼ ነው ኮሌጅ የምገባው? ገብቼ ብወጣ ደግሞ ያ ወንበር ይቃጠላል፤ የትምህርት ቤታችን ዕድል ለዚያ ዓመት ከንቱ ይቀራል፣ ያቺ ልጅም ከኋላዬ ቆማ በእኔ ምክንያት ትቀራለች። ስም ዝርዝሩ ሊላክ የቀረው ትንሽ ቀን ነው። ስለዚህ ሁሌም እንደማደርገው አደረግኩ። መኪናው ሳይመጣ ቀደምኩ።

የወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሽማግሌ ነበሩ፤ አባቴን ያውቁታል። ዕድሉን እንደምተው፣ ከእኔ ቀጥላ ላለችው እንዲሰጥልኝ ስነግራቸው መነጽራቸውን አወለቁ። በኦሮምኛ ጀምረው በአማርኛ ጨረሱት፤ ልጄ፣ ይህ ነገር ሁለቴ አይመጣም አሉኝ። ባለቤቴ ሊነሳ ነው አልኳቸው። እሳቸውም መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁና፣

“ነገረሽ? ጠየቅሽው?” አሉኝ።

“አባባ፣ አንቱ የወታደር ሚስት አታውቁም እንዴ፣ አትጠይቅም እኮ” አልኳቸው።

በኩራት ነው ያልኩት። ያ ኩራት አሁን ድረስ ጆሮዬ ላይ ይጮኻል። እሳቸውም ምን ያድርጉ፣ ስሜን ሰርዘው የሷን ጻፉ።

ለወጣቷ አስተማሪ ስነግራት አቀፈችኝ። አይሆንም እትዬ፣ አልቀበልም አለች፤ ተቆጣኋት። ከዚያ ቤቴ ገብቼ ሥራዬን ጀመርኩ። ለመንገደኛ ወታደር የሚሰናዳ ይታወቃል፤ ገብሱን ቆላሁ፣ አስፈጨሁ፣ በሶውን በጨውና በትንሽ በርበሬ አሰናዳሁ። ዳቦ ቆሎ ቆረጥኩ። እንባዬን በመሐረቤ እየጠረግኩ፣ ምን ያህል እንደሚበቃው እየገመትኩ። በልቤ፣ ሳይነግረኝ ሁሉን ያሰናዳሁለት መሆኑን ሲያይ ደስ ይለዋል እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን ነው፣ ከሰዓት፤ ገና ፀሐይ ሳለ። አናጺው ሳጥኑን ጨርሶ ባሌ በሰው አሸክሞ ገባ። የደንብ ልብሱን ለብሷል፣ ጫማው ያበራል። ሳጥኑን ግቢ ውስጥ አስቀመጠና ጠረጴዛው ላይ የደረደርኩትን በሶና ዳቦ ቆሎ አየ። ፈገግ አለ። እኔ ያንን ፈገግታ ከሠርጋችን ወዲህ አይቼው አላውቅም።

“ስንቅሽን ቀድመሽ አሰናዳሽው?” አለኝ።

የማን ስንቅ አልኩት። ሳጥኑን በእግሩ ነካ አደረገና ይህ የኮሌጅ ነው፣ ልብስሽም መጽሐፍሽም ይችላል፣ እዚያ ሌባ አይጠፋም ብዬ ጥሩ ቁልፍ አስገባሁበት አለ። አለቃው ዘንድ ቀርቦ ነበር። ጦሩ ቢነሳ እንኳ እሱ ነገሌ ቀርቶ የካምፑን መጋዘን እንዲይዝ፣ ሁለት ዓመት፣ ሚስቴ ልትማር ነው ብሎ ጠይቆ። ለማዕረግ ዕድገቱ ጥሩ እንዳልሆነ ነግረውት ነበር፤ ይሁን ብሎ ፈረመ። ያን ቀን ጸድቆለት ነው የመጣው። ልጅቷን ሽሮ ያስተማራት ለዚያ ነው፤ እኔ በሌለሁበት እንዳይራቡ። ፍየሏን የሰጠው ለዚያ ነው። እኔን ኮሌጁ ድረስ ሊያደርሰኝ ፈቃድ ጠይቆ፣ ጫማውንም ለዚያው አሠርቶ ነበር።

“ለምን አልነገርከኝም?” አልኩት።

“ያልጸደቀ ነገር አይወራም” አለ። ከዚያ ፊቴን አየና ፈገግታው ጠፋ። “ምን ሆነሻል?”

ነገርኩት። ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። ቆቡን አውልቆ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

“ለምን አልጠየቅሽኝም?” አለኝ።

እዚህ ላይ መልስ ነበረኝ፤ ሁለታችንም እናውቀዋለን። ሜጋ ላይ፣ ማዕድ ላይ፣ ራሱ የሰጠኝ መልስ ነው። ላወጣው ስል ግን ዓይኑን አየሁትና ተውኩት። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ገብተው ሳጥኑን ከበው ይከፍቱታል፣ ይዘጉታል። ታናሹ ውስጡ ገብቶ ተኛ።

በማግስቱ በጠዋት ጽሕፈት ቤቱ ሳይከፈት ደረስኩ። ሽማግሌው ከሩቅ አይተውኝ ገባቸው። ዝርዝሩ ከትናንት ወዲያ ሄዷል፤ አሁን የሚመልሰው እሷ ራሷ ተውኩ ስትል ብቻ ነው አሉኝ። ልጅቷን ብጠይቃት እሺ እንደምትለኝ አውቃለሁ። ሳልጨርሰው እሺ ነበር የምትለኝ። ወደ ቤቷ ሄድኩ። አጥሩ ጋ ስደርስ ከውስጥ እልልታ ሰማሁ፤ እናቷ ናቸው። ከተልተሌ ወገን ያሉ ዘመዶቻቸው ሰምተው መጥተው ኖሯል፣ ግቢው ሞልቶ በሁለት ቋንቋ ይመረቃል። እናቷ ባላቸው የሞተባቸው፣ እንጀራ ጋግረው ሸጠው ልጃቸውን ያስተማሩ ሴት ናቸው። በአጥሩ ቀዳዳ አየኋቸው፤ በእጃቸው አፋቸውን ይዘው እንባቸው ይወርዳል። ተመለስኩ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሰው ሁሉ “አካም” ይለኛል፣ እኔም ደህና ነኝ እላለሁ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይላሉ። እኔ አፈሰስኩት እንጂ መች ለቀምኩት።

ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁለት ዓመት እንዴት አድርጌ ላውራው። ባሌ መጋዘን ጠባቂ ሆኖ ነገሌ ቀረ፤ የፈረመውን አይሽሩለትማ። ጓደኞቹ ሄዱ፣ ማዕረግ ጨመሩ። እሱ በሰዓቱ ይወጣል፣ በሰዓቱ ይገባል። እኔም በሰዓቴ እወጣለሁ፣ እገባለሁ። ትዳር ከያዝን ያን ያህል ጊዜ ሳንለያይ አብረን ተቀምጠን አናውቅም። ሰው ሲያየን ይቀናል። ጎረቤቴ እግዜር ጸሎትሽን ሰማልሽ አለችኝ። አንድ ማዕድ ላይ ተቀምጠን፣ ለእኔ ሲል የቀረው ሰው ከፊቴ፣ ለእሱ ስል የቀረሁት እኔ ከፊቱ፤ እንጀራው አይወርድልንም ነበር።

ዕድሉን በገዛ እጁ የተወ ሰው ደግሞ ወደ ኋላ ነው የሚመለሰው። ቆይቼ ተራዬ ሲጠጋ ወጣት ይቅደም ተባለ፤ ቀጥሎ ለሰርተፍኬት የሚሰጠው ዕድል ራሱ ቆመ። ልጅቷ ዲፕሎማዋን ይዛ መጣች፣ አምስተኛ ክፍል ገባች። ጎበዝ ነበረች፤ ክፉ ብትሆን ምን ያህል በቀለለኝ። መስኮቷ ሥር ሳልፍ ልጆቹ ሲከራከሩ ይሰማኛል። ዲግሪም ጨመረች። ርእሰ መምህር ሆነች።

እሷ ናት ኋላ ቢሮዋ የጠራችኝ። አዲስ መመሪያ መጥቶ ነበር፤ ዲፕሎማ የሌለው ክፍል ገብቶ እንዳያስተምር የሚል። እንደማይቀር አውቅ ነበር። በሩን ዘጋችና የራሷን ወንበር ለእኔ ሳበች፤ አልቀመጥም አልኳት። ሁለታችንም ቆመን ቀረን። ወረቀቱን ልታነብልኝ ጀመረችና አልቻለችም።

“እትዬ፣ ይህ ወንበር እኮ ያንቺ ነበር” አለችኝ።

ያለቀሰችው እሷ ናት። እኔ አባበልኳት። ሥራሽ ነው፣ ያላንቺ ማን በደግ አፉ ይነግረኝ ነበር አልኳት፤ እውነቴን ነው። የትምህርት መርጃ መሣሪያ የሚሠራበት ክፍል ሰጠችኝ። ካርቶን እቆርጣለሁ፣ ፊደል እጽፋለሁ፣ ካርታ እስላለሁ። ሌሎች አስተማሪዎች መጥተው ይወስዱታል። ግድግዳው ስስ ነው፤ ከወዲያ አራተኛ ክፍል ነው። አንዳንዴ አንዱ ልጅ ሲሳሳት ከወዲህ ሆኜ አፌ ይንቀሳቀሳል።

ባሌ ጡረታ የወጣው እኔ ከክፍል ከመውጣቴ በፊት ነው። ጡረታ የወጣ ሰሞን አንድ አዲስ ጠባይ አመጣ። ከሰዓት በር ላይ ወንበር አውጥቶ ይጠብቀኛል፣ ገና ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ “ዛሬ ምን አስተማርሽ?” ይለኛል። ያ ሰው። መጀመሪያ ላይ ሳቄ መጣ። ከዚያ ለመድኩትና ሁሉን እነግረዋለሁ፤ ማን አነበበ፣ ማን አጠፋ፣ ማን የጓደኛውን ዳቦ በላ። ያዳምጣል፣ ልጆቹን በስማቸው ለይቶ አወቃቸው።

ከክፍል የወጣሁ ዕለትም በሩ ላይ ነበር። ምን አስተማርሽ አለኝ። ልነግረው አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው፤ ተረት አስነበብኳቸው፣ የጅቡን፣ በጣም ሳቁ አልኩት። እሱም ሳቀ። በማግስቱም እንዲሁ። እነሆ እስከ ዛሬ፣ ከትምህርት ቤት እስከ ቤቴ ባለው መንገድ ትምህርት ስፈጥር እመጣለሁ።

ነገሌ ግን ትንሽ ከተማ ናት። ሻይ ቤት አብረውት የሚቀመጡት ጡረተኞች የልጅ ልጆቻቸው እኛ ትምህርት ቤት ናቸው። ይነግሩታል፤ እንዴት አይነግሩት። እኔም መጠርጠር ጀምሬ ነበር፤ ልጆቹን በስማቸው መጥራት ትቷል፣ እኔ እንዳልዋሽ ይሁን ምን ይሁን። ባለፈው ሳምንት እንደ ወትሮው በሩ ላይ ጠበቀኝ። ቦርሳዬን ተቀበለኝ፣ ወንበሩን ለቀቀልኝ፣ ራሱ ደፉ ላይ ተቀመጠ። ዓይኑን ከመንገዱ ላይ ሳያነሳ ጠየቀኝ።

“አምስተኛ ክፍሎቹስ እንዴት ናቸው?”

አምስተኛ ክፍል አንድም ቀን አስተምሬ አላውቅም፤ እሱም ያውቃል። እሱ ግን መልሴን ይጠብቃል።

“ጎበዞች ናቸው” አልኩት። “ሁሉን ነገር ይጠይቃሉ።”